የባልዲ ቅዳሜ

ዓሣው ከባልዲው ተርፎ ነበር። ጭንቅላቱ ከታች ውሃው ውስጥ ነው፤ ጅራቱ ግን ከባልዲው አፍ ወጥቶ የአርዲስን ክንድ በጥፊ ይመታል። እሷም ባልዲውን በሁለት እጇ አቅፋ፣ በደረቀው የጅረት ወለል ላይ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እየተሻገረች፣ ቦቷ ውስጥ የገባው ውሃ እየተንቦጫቦጨ፣ ዳር ላይ ወደቆሙት ፒካፖች ትገሰግሳለች።

«ተሸክመሽው ነው ወይስ እያጠመቅሽው?» አላት ቨርል፣ ከመኪናው ላይ ቆሞ እየሳቀ።

«ሳቅህን ትተህ ክዳኑን ክፈትልኝ! ሊያመልጠኝ ነው።»

«የት አባቱ ይሄዳል? ዙሪያው ድንጋይ ነው።»

ለቀልድ ነበር የተናገረው፤ አርዲስ ግን አልሳቀችም። ከማለዳ ጀምሮ አንዳች ነገር ዕረፍት ነስቷታል። ሙቀቱ ይሆናል፤ ወይም ከምዕራቡ ተራራ ሰደድ እሳት እየመጣ ጉሮሮ የሚከረክረው ጭስ ይሆናል። ወይም ደግሞ ገና ቁርስ ሳትቀምስ ያየችው ሽመላ ይሆናል። ከድልድዩ በላይ ካሉት ኩሬዎች በአንዱ ዳር ቆሞ፣ ምንም ሳይቸኩል፣ ከቀረበለት ገበታ ላይ እንደሚያነሳ እንግዳ ዓሣ ይለቅም ነበር።

ዕለቱ የባልዲ ቅዳሜ ነው። በየዓመቱ በጋው ሊያበቃ ሲል የላርኪን ጅረት ከቨርል የውሃ ጠለፋ በታች ይቆረጣል። ውሃው በቦይ ወደ ድርቆሽ ማሳዎቹ ይገባና ወለሉ ይደርቃል፤ እዚህም እዚያም ኩሬ ብቻ ይቀራል፤ ዓሦቹም በየኩሬው ይታጎራሉ። ያን ጊዜ የሸለቆው ሰው ባልዲውን፣ የወተት ማሰሮውን፣ የከብት ማጠጫ በርሜሉን ይዞ ይወጣል። ዓሣውን በመረብ እየጨለፈ፣ በመኪና እየጫነ፣ ታች ትልቁ ወንዝ ወስዶ ይለቀዋል። ልማዱን የጀመሩት የቨርል አባት ናቸው። ሥራው ሲያልቅ ቨርል ግቢ መብላት፣ ቢራ መጠጣትና መሳሳቅ አለ። ሁሉም ሰው ይወደዋል፤ ከተማ ያለው ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ እንኳ የባልዲ ቅዳሜ ፎቶዎች ተሰቅለዋል። አርዲስም እንደ ልማዷ የእናቷን ባለ ሰማያዊ ጠርዝ ጎድጓዳ ሳህን የድንች ሰላጣ ሞልታ፣ በጠዋት ለቨርል ሚስት ለሎይስ አስረክባለች። ያ ሳህን ያልቀረበበት የባልዲ ቅዳሜ የለም።

ቨርል የበርሜሉን ክዳን ከፈተና ባልዲው ውስጥ አየ። ፉጨት አመለጠው።

«እንዴ! ኮርማ ነው እኮ! ቆይ ቆይ፣ እንዳትገለብጪው። ፎቶ!»

ኮርማ የሚሉት ትራውት የተባለውን የተራራ ዓሣ ነው፤ ጭንቅላቱ ከሌሎቹ ዓሦች ስለሚገዝፍ። ድሮ ብዙ ነበር ይባላል፤ አሁን በባልዲ ቅዳሜ አንድም ከተገኘ ወሬ ነው። አርዲስ ባልዲውን አዘንብላ ያዘችለት። ዓሣው ሲገላበጥ ጀርባው ታየ። ከላይኛው ክንፉ ኋላ፣ አንዳች ነገር ነክሶ የለቀቀው የሚመስል ነጭ ጠባሳ አለበት።

አርዲስ ዓይኗን ከጠባሳው ላይ መንቀል አቃታት። «ቨርል፣ አምና ያነሳኸኝ ፎቶ አሁንም ስልክህ ላይ አለ?»

«ዓሣው በጥፊ ሲልሽ ያነሳሁሽ? እሱንማ እስክሞት አላጠፋውም!»

ፈልጎ አሳያት። አርዲስ ናት፤ ባርኔጣዋም ያው፣ ባልዲዋም ያው። ዓሣው እቅፏ ውስጥ ነው። ጀርባው ላይ ያ ነጭ ጠባሳ።

«ራሱ ነው!» ቨርል ጭኑን መታ። «ኑ እዩልኝ እናንተ! ተመልሶ መጣ እኮ። ሰውዬው በመኪና መሄድ ለምዷል!»

በአካባቢው ያሉት ሁሉ ባልዲያቸውን አስቀምጠው መጡና ሳቁ። አርዲስ ግን ጆሊንን ትፈልግ ነበር። ጆሊን የመንግሥት የዓሣ ባለሙያ ናት፤ ወደ ሸለቆው ተመድባ ከመጣች ብዙም አልቆየች፤ እስከ ደረቷ የሚደርስ የጎማ ሱሪዋን ለብሳ መረቧን ታጥባለች።

«ጆሊን፣ እስቲ ነይ። ይህ ዓሣ ወዴት ለመሄድ ነው የሚመጣው?»

ልጅቷ ተጠግታ እጇን ባልዲው ውስጥ አስገባችና ዓሣውን ከሆዱ በኩል ዳበሰችው። «ወደ ላይ ነው። ከቨርልም ከእርስዎም ጠለፋ በላይ ወዳሉት ምንጮች። ቀዝቃዛ ውሃና ንጹህ ጠጠር ትፈልጋለች፤ እንቁላል ልትጥል ነው።»

«ትፈልጋለች አልሽ?»

«ሴት ናት እኮ። ሆዷን ይንኩት።»

«ኮርማችን ላም ሆኖ አረፈው በሉኛ!» አለ ቨርል፤ ሳቁ እንደገና ተነሳ።

አርዲስ አልነካችም። «ታች ወንዙ ላይ ስንለቃትስ?»

ጆሊን ቨርልን ቀና ብላ አየችው፤ ሰዎቹንም። «ትኖራለች» አለች ኋላ።

«እንቁላሉስ?»

«ዘንድሮ አይሆንም። ታች ብትጥለውም ውሃው ስለሚሞቅ አይፈለፈልም።»

«አምናም አልሆነማ።»

«አምናም አልሆነም።»

«ታዲያ ለምን አትነግሩንም?»

«የክረምቱ ስብሰባ ላይ ተናግሬ ነበር» አለች ጆሊን፣ ፊቷ እየቀላ። «ደግሞ ባልዲው ከሞት ይሻላል። በሕይወት ካለች ከርሞ ትሞክራለች ብዬ ነው።»

አርዲስ ስብሰባው ላይ ነበረች። የምታስታውሰው ወንበሩ እንደቀዘቀዘ ብቻ ነው። አፈረች፤ ፊቷን የሚያቃጥል እፍረት። ያቺ ዓሣ ያን ሁሉ ውሃ ሽቅብ ቀዝፋ ስትመጣ፣ እሷ ደግሞ በባልዲ እያቀፈች ቁልቁል ስትመልሳት፣ ከዚያም ቆማ ፎቶ ስትነሳ ታያት። ለስንት ዓመት ነው እንዲህ ያደረጉት? ስንቷን ነው የመለሱት?

ባልዲውን አነሳችና በመጣችበት ተመለሰች።

«ወዴት ነው?» አለ ቨርል።

«ልመልሳት።»

«አብደሻል እንዴ? ኩሬው እየደረቀ ነው እኮ!»

ኩሬው ዳር ተንበርክካ ባልዲውን በቀስታ አዘነበለችው። ዓሣዋ አንዴ ተወራጨችና ከአኻያው ሥር ካለው ጥላ ገብታ ተሰወረች። ጆሊን በሩጫ ደርሳ ከጎኗ ቆመች።

«አርዲስ፣ በዚህ ሙቀት ይህ ኩሬ ከነገ አያልፍም።»

«አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ምን አስበው ነው?»

«ገና አላሰብኩም» አለች አርዲስ፤ እውነቷን ነበር።

ፒካፗን አስነስታ ወደ ላይኛው ጠለፋዋ ወጣች። መቀመጥ አልቻለችም፤ ወርዳ ከቦዩ ዳር ወዲያና ወዲህ ትል ጀመር። ቦዩ እስከ አፉ ሞልቶ፣ ዝም ብሎ፣ ወደ ማሳዋ ይሄዳል። ለድርቆሽ የሚሆነው ሳር ጉልበት ደርሷል። ይህን ውሃ ከጠጣ ሁለተኛው አጨዳ ግሩም ይሆናል፤ ላሞቿም ክረምቱን ይወጣሉ። ካልጠጣ ግን ከመንጋዋ እየቀነሰች በረዶው ሳይመጣ መሸጥ አለባት። ይህን ለማወቅ ስሌት አያስፈልጋትም፤ ማሳውን ማየት ይበቃታል።

በዚህ አገር የውሃውን ሕግ ሕፃን ሳይቀር ያውቀዋል፦ ቀድሞ የጠለፈ ቀድሞ ይጠጣል፣ ያልተጠቀመበት ያጣዋል። በላርኪን ጅረት ላይ ቀድመው የጠለፉት የአርዲስ ቅድመ አያት ናቸው። ስለዚህ እሷ ድርሻዋን ሳትወስድ ማንም አይነካም፤ ከእሷ የተረፈውን ቨርል ይወስዳል፤ ከቨርል የሚተርፍ የለም።

የጠለፋዋን በር ዘግታ ውሃውን ለዓሣ መተው ቀላል ነገር ይመስላል። አምና ሞክራዋለች። ጅረቱ ሲያጥር አንጀቷ አልችል ብሎ፣ ለማንም ሳትናገር፣ መዘውሩን አዙራ በሩን ዘጋችው። ውሃው ወለሉን ይዞ ቁልቁል ሲወርድ ዳር ተቀምጣ አየች፣ ደስም አላት። ከዚያ ውሃው ቨርል በር ደረሰ፤ ቨርልም ሕጉ በሚፈቅድለት መሠረት ከፍቶ ተቀበለው። ብዙም ሳይቆይ የእሱ የአልፋልፋ መኖ ሲለመልም የእሷ ድርቆሽ ገረጣ፤ ከድልድዩ በላይ ያለው ድንጋይ እንደሆነ ጠብታ አላየም። ይባስ ብሎ ቨርል ሎይስ የጋገረችውን የኮክ ፓይ ይዞ ከች አለ። «ውለታሽን አልረሳም» አላት በራፉ ላይ ቆሞ፣ ባርኔጣውን አውልቆ። ምን ትበለው? ፓዩን በላችው። ጥሩ ፓይ መሆኑ ነበር የበለጠ ያናደዳት።

ቨርልን ደግሞ በክፉ ማንሳት አይሆንላትም። ባሏ ኔልስ የሞተ ጊዜ፣ ለቀብር የመጣው ሰው ገና ሳይበተን፣ ቨርል ማጨጃውን እየነዳ ገብቶ ማሳዋን ሙሉ አጭዶ፣ ጠቅልሎ፣ ከምሮላት ወጣ። ምን ልክፈልህ ብትለው አኮረፋት፤ ለብዙ ሳምንት ሰላምታ እንኳ በግድ ነበር። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለው እንደ ቨርል ላለው ነው።

መዘውሩን ያዘች። ለቀቀችው። ብትዘጋው ቨርል ይወስደዋል፤ ባትዘጋው ራሷ ትወስደዋለች። ዓሣዋ በሁለቱም ትሞታለች። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ማለት ይኸው ነው።

ያን ጊዜ ነው ኔልስ ትዝ ያላት፤ ድንጋይ ሲያጠጣ።

የአርዲስ ቅድመ አያት የውሃ መብታቸውን በፍርድ ቤት ሲያስፈርዱ በሁለት በር ነበር ያስፈረዱት፤ አንዱ ይህ የላይኛው ነው፤ ሌላው ታች፣ ከድልድዩ በታች፣ ጅረቱ ወንዙን ሊቀላቀል ሲል ያለው ነው። የታችኛው በር የሚያጠጣው የጠጠሩን ማሳ ሲሆን፣ እዚያ ማሳ ላይ ከድንጋይ በቀር እህል ነው የሚባል ነገር በቅሎ አያውቅም። ኔልስ ግን ያልተጠቀሙበት መብት ይሞታል እያለ፣ በየዓመቱ በረዶው ቀልጦ ጅረቱ ሲሞላ፣ የታችኛውን በር ከፍቶ አንድ ቀን ሙሉ ድንጋይ ሲያጠጣ ይውላል። ሰዎች ድልድዩ ላይ መኪና አቁመው ክላክስ ያደርጉለታል። ቨርልማ ለይቶለት ነበር። «ኔልስ! ድንጋዩ እንዴት ይዟል?» ይላል በመስኮት ብቅ ብሎ። ኔልስም አካፋውን ተደግፎ «ዘንድሮ ጥሩ ነው፣ አንዳንዱ ጨምሯል!» ይለዋል። ኔልስ ከሞተ ወዲህ አርዲስ ራሷ ታጠጣዋለች። ለመብቱ ብላም አልነበረም፤ ናፍቆቱ ነው።

ውሃዋን ከታችኛው በር ብትጠራ፣ ድርሻዬ እዚያ ይድረሰኝ ብትልስ?

ባለችበት ቆመች። ከዚያ ከጠራችው ውሃው በቨርል በር ፊት ለፊት አልፎ መሄድ አለበት፤ ቨርልም ሊነካው አይችልም፤ የእሷ ነውና። ደረቁን ወለል ሁሉ አልፎ፣ ኩሬዎቹን አገናኝቶ፣ ታች እስኪደርስ ማንም አይነካውም። ደረቁ ወለል መንገድ ላይ ብዙ ስለሚመጥ ደግሞ፣ ድርሻዋ ታች እንዲሞላ ቨርል የሚወስደው ትርፍም አብሮ መውረድ አለበት። ጅረቱን ያደረቀው ሕግ ራሱ ዘብ ይቆምለታል። ባላሰብኩት ይሻል ነበር አለች፤ ካሰቡት በኋላ እንዳላሰቡት መሆን አይቻልም።

ወደ ታች ነዳች፤ በጭሱ ምክንያት መብራት አብርታ። የታችኛው በር መዘውር ዝገት በልቶት እንቢ አላት። መዶሻዋን አውጥታ ቀጠቀጠችው፣ ግራሶ ቀባችው፣ እንደገና ቀጠቀጠችው፤ መዳፏ ተላጠ። ኔልስን ሰደበችው፤ ከዚያ ይቅርታ ጠየቀችው። በመጨረሻ እያቃሰተ ተከፈተ። ከበሩ በዚህ በኩል ደረቅ ወለል፣ በዚያ በኩል ደረቅ ድንጋይ። በድንጋዮቹ መሃል ግን ሳር አለ፤ ላም ሊግጠው የሚችል ሳር። ውሃውን ተጠቀመችበት ለመባል፣ ለሕጉ እሱ ይበቃል። ከዚያ ተመልሳ ወጣችና የላይኛውን በሯን ዘጋች፤ ውሃው ወደ ጅረቱ ሲዞር ቆማ አላየችውም፤ ቨርል በር ሳይደርስ ቨርል ጋ መድረስ ነበረባት።

ቨርል ግቢ ስትደርስ ምግቡ ተጀምሯል። ከረጃጅሞቹ ዛፎች ሥር ጠረጴዛዎች ተገጥመዋል፤ ሰዎች ቢራና ሳንድዊቻቸውን ይዘው በርጥብ ሱሪያቸው ተቀምጠዋል። ባለ ሰማያዊ ጠርዙ ሳህን መሃል ላይ ነው፤ ሰላጣው ተጋምሷል። ቨርል ሽርጥ አገልድሞ ሥጋ ይጠብሳል።

«እብዷ መጣች! ሳህን ስጧት» አለ። «ዓሣሽን ለሽመላው ሰጥተሽ የት ጠፋሽ?»

«ቨርል፣ ላናግርህ ነው። ለብቻህ።»

ፊቷን አይቶ መጥበሻውን ለሌላ ሰው ሰጠ። ከበረቱ ኋላ፣ የእሱ ጠለፋ ከሚታይበት አጥር ዘንድ ሄዱ።

«ውሃዬን ከታችኛው በር ልወስድ ነው» አለች። «ድርሻዬን ሁሉ። ከአሁን ጀምሮ።»

«የቱ ታችኛው?»

«የኔልስ።»

ቨርል ሳቀ። ቀጥሎ ነገሩ ገባውና ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። «ድንጋይ ልታጠጪ?»

«ድንጋይ ላጠጣ።»

«ሁለተኛውን አጨዳሽን ትተሽ?»

«ትቼ።»

«የእኔንም አብረሽ!»

«አዎ፣ የአንተንም» አለች።

«ለአንዲት ዓሣ?»

«ለሷም፣ ከኋላዋ ለሚመጡትም።»

«አየሽ አርዲስ፣ ዓሣ የምትወጂ አንቺ ብቻ አይደለሽም። ይህን ባልዲ የጀመረው አባቴ ነው! ወገቤ እየቆረጠኝ ከማለዳ ጀምሮ ስሸከም የዋልኩት ማን መሰለሽ፣ እኔ አይደለሁም?»

«ነህ። ትወዳለህ፣ እኔም እወዳለሁ። ለዚያ እኮ ነው የሚያሳፍረው። አንድ ቅዳሜ ባልዲ ይዘን እንራራላቸዋለን፤ በቀረው ቀን ሁሉ ውሃቸውን እንወስዳለን። አምና ያን ሁሉ መንገድ መጣች፣ አቅፌ መለስኳት። ዘንድሮም መጣች። እስከ መቼ ነው የምትሞክረው?»

«እኔስ ክረምቱን ላሞቼን ምን ላብላቸው?»

«ከመጀመሪያው አጨዳዬ ግማሹን ውሰድ።»

«ያንቺስ?»

«እሸጣለሁ።»

«ድርቆሽሽን አልፈልግም!» አጥሩን በመዳፉ መታው። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፣ ሰምተሻል? ዛሬ አንቺ ከጀመርሽ ነገ በዚህ ሸለቆ ሁሉም በሁሉም ላይ የውሃ ዳኛ ይጠራል።»

«በሩን አንተው ዝጋልኝና ማንም በማንም ላይ አይጠራም። እባክህ። ዱዌይንን መጥራት አልፈልግም።»

ዱዌይን የውሃ ዳኛ ነው፤ የሰው በር በሰንሰለት የመቆለፍ ሥልጣን ከፍርድ ቤት ተሰጥቶታል። ሕጉ ላይ አለ እንጂ በላርኪን ጅረት ማንም ጎረቤቱ ላይ ጠርቶት አያውቅም። ከተራራው ማዶ ባለው ሸለቆ ጠርተውት፣ የጠሪና የተጠሪ የልጅ ልጆች እስከ ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጀርባ ለጀርባ ነው የሚቀመጡት።

«አልዘጋም» አለ ቨርል። ዓይኑ ቀልቷል፤ ጭሱም ሊሆን ይችላል። «አባትሽ አልጠሩብንም። ኔልስ አልጠራብኝም። እንዲህ ከጨከንሽ አንቺ ጥሪብኝ። እዚሁ፣ ፊቴ ቆመሽ።»

አርዲስ ስልኳን አወጣች። የተላጠው መዳፏ ላይ ያለው ደም ስልኩን አረጠበው። በልቧ ባያነሳ ብላ ተመኘች። አነሳ።

«አርዲስ? ምነው፣ እሳቱ መጣ እንዴ?»

«አልመጣም ዱዌይን። ውሃዬን ልጥራ ብዬ ነው።»

«እስቲ ድገሚልኝ» አለ ዱዌይን።

«ውሃዬን። ከታችኛው በር።»

«ከድንጋዩ?»

«ሳር አለው። ላሞች እለቅበታለሁ።»

«መብትሽማ ነው» አለ ዱዌይን ቀስ ብሎ። «በማን ላይ ነው የምትጠሪው? አውቀዋለሁ፣ ግን ስሙን ካንቺ አፍ መስማት አለብኝ። ደንቡ ነው።»

አርዲስ ቨርልን አየችው። ሽርጡን እንዳገለደመ፣ እጁን አንጠልጥሎ ቆሟል፤ ሽርጡ ላይ የባልዲው ጭቃ አለ። ማሳዋን ሲያጭድላት፣ አቧራ ለብሶ ከማጨጃው ላይ ሲወርድ ልክ እንዲህ ነበር የቆመው። ስልኩን መዝጋት ትችላለች። ይስቃል፣ እሷም ትስቃለች፣ ገብተው ይበላሉ። ከአኻያው ሥር ያለችው ዓሣም ለሽመላው ትሆናለች።

«በቨርል ኪትሬጅ» አለች።

«እሺ። ልመጣ ነው። ቁልፍና ሰንሰለት ይዤ ነው የምመጣው፤ አስበሽበታል?»

ቨርል ሰምቶታል። «ሰንሰለቱን እቤቱ ይተወው በይው» አለ፣ የሽርጡን ቋጠሮ እየታገለ። «የእኔን በር ሌላ ሰው አይነካውም።»

ሽርጡን አጥሩ ላይ ወርውሮ ወደ ጠለፋው ሄደ። ዞር ብሎ አላያትም። ጥቂት ቆይቶ የመዘውሩ ጩኸት ተሰማ፤ ጠረጴዛው ዘንድ ያሉት ሁሉ ድምፁን ለይተው አወቁት፤ ወሬያቸውን አቁመው ወደዚያ ዞሩ። ጆሊን የያዘችውን ሳንድዊች መልሳ አስቀመጠች።

አርዲስ ሳህኗን ልትወስድ ወደ ጠረጴዛው ሄደች። ሎይስ ከጠረጴዛው ወዲያ ማንኪያ ይዛ ቆማለች፤ የሆነው ሁሉ ገብቷታል። ሁልጊዜ ሎይስ አጥባ፣ አድርቃ ነው ሳህኑን የምትመልስላት። አሁን እጇን አልዘረጋችም። ሰላጣው ሥሩ ላይ ትንሽ ቀርቷል። አርዲስ ሳህኑን በጠርዙ ያዘችው። ይህን ይዛ ከወጣች ወደዚህ ግቢ የምትመለስበት ምክንያት አይኖራትም፤ እነሱም ወደሷ የሚመጡበት።

መልሳ አስቀመጠችው።

«ይቆይ» አለች።

ሎይስ ሳህኑን አልገፋችውም። አርዲስ ከግቢው ወጣች። ባልዲዋን ፒካፑ ላይ እንደተቀመጠ ትታ፣ ውሃው እስኪደርስ ዓሣዋን ከሽመላው ልትጠብቅ ወደ ኩሬው በእግሯ ወረደች።